በፈተና መካከል ያመለጠችኝ «አይ»

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ላስታውቅ። ከዚህ በታች የምጽፈው ሁሉ የሆነ ነገር ነው፤ ቅደም ተከተሉን ግን አልምልበትም። ማክሰኞ ያልሁት ሐሙስ ሆኖ ሊገኝ ይችላል። የመምህሯ ሹራብ ቢጫ ነበር ብል ልጄ ፋጡማ አረንጓዴ ነው ትለኛለች። እሷ በዚያ ሰዓት ግሮቭፖርት መጋዘን ውስጥ ካርቶን ታሽግ ነበር፤ በምን እንዳየችው አላውቅም። ሰው ወደ ሰባ ሲጠጋ ማስታወስና መፍራት ይደባለቁበታል። የረሳሁትን ይቅር በሉኝ። የፈራሁትን ግን አንዱንም አልረሳሁም።

ወሬው ስለ ቻይንኛ ነው። አዎ፣ ስለ ቻይንኛ። እኔም መጀመሪያ ስሰማ እንደ እናንተው ቀና ብያለሁ።

የምንኖረው ኮሎምበስ ነው፤ ከዌስተርቪል ዝቅ ብሎ ካለ የአፓርትመንት ግቢ። ልጄ ፋጡማ፣ ባሏ ጀማል፣ የሰባት ዓመቷ የልጅ ልጄ ሂክማና እኔ። ፋጡማ መጋዘን ትሠራለች። ጀማል ሾርት ኖርዝ ከሚባለው ሰፈር ምግብ ቤቶች ምግብ እየተቀበለ በየሰዉ ቤት ያደርሳል። እኔ ደግሞ የመጣሁት «ትንሽ እንድታርፍ» ተብዬ ነው። አሜሪካ አባትን አምጥቶ ማሳረፍ ማለት ልጅ ማስጠበቅ መሆኑን የተረዳሁት ከአውሮፕላን በወረድሁ በሦስተኛው ቀን ነበር።

አሁን ልብ በሉልኝ። ሂክማ ሁለት ዓመት ሲሆናት አንድ ሰው ለጀማል «ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል» ይለዋል። ማን ነው ያለህ ስለው አንዴ ሐኪም ነው ይለኛል፣ አንዴ የሥራ ባልደረባ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቤት አማርኛ እንደ ሲጋራ ሆነ፤ ልጅ ፊት አይነካም። ባልና ሚስቱ መጣላት ሲፈልጉ መኝታ ቤት ገብተው፣ በር ዘግተው ነው በአማርኛ የሚጣሉት። ልጅቷ የምታውቀው አማርኛ በበሩ ሥር የሚያመልጠውን ብቻ ነበር። እንዲህ ሆና ለትምህርት ደረሰች። የት አስገቧት? ከትምህርቱ እኩሌታው በቻይንኛ የሚሰጥበት ትምህርት ቤት።

እኔም ጠየቅሁ። አማርኛ የሚያደናግራትን ልጅ ቻይንኛ እንዴት ነው የማያደናግራት? ጀማል አንገቱን ነቀነቀ። በጨዋነቱ አላማውም፤ ድምፁን ከፍ አድርጎብኝ አያውቅም። ዝቅ ባለ ድምፅ ነው የሚንቀኝ።

«ጋሼ፣ አማርኛ የት ያደርሳታል? ቻይናዎቹ እኮ ዓለሙን እየወሰዱት ነው። ነገ ቦሷ ቻይና ነው የሚሆነው» አለኝ።

ልጅቷ ገና የወተት ጥርሷ እየወለቀ ነው፤ አባቷ አለቃ መርጦላታል።

እኔ የተማርሁት እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አቃቂ አንድ የጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሃያ ስምንት ዓመት የሠራሁት፣ የተሸመነ ጨርቅ በመብራት ላይ እያሳለፍሁ ጉድለት መፈለግ ነው። ዓለም ነገ የማን እንደምትሆን አላውቅም።

ዘመድ ግን ኮራ። ከአዲስ አበባ የሚደውል ሁሉ ሰላምታውን ሳይጨርስ «እስቲ በቻይንኛ አንድ ነገር ትበልልን» ይላል። ሂክማ ስልኩ ፊት ትቆምና አንድ ረጅም ነገር ታወርዳለች። እዚያ ማዶ ቤቱ በሙሉ ማሻ አላህ ይላል። አንዷ አክስቷ አልቅሳለች። ሁልጊዜ የምትለው ያንኑ መሆኑን እኔ አውቅ ነበር፤ ምን እንደሆነ ግን እኔም አላውቅ፣ አባቷም አያውቅ። ኋላ አንድ ቀን የእህቴ ልጅ ሰይድ ስልኩ ላይ ተገኘ። ሰይድ ከቻይና መንገድ ሠሪዎች ጋር ስድስት ዓመት ፎርማን ሆኖ የኖረ ነው። ሂክማ እንደ ልማዷ ቆማ አወረደችው። ሰይድ በዚያው ቋንቋ አንድ ነገር መለሰላት። እሷ ሳቋ አመለጣትና ሮጠች። ምን ተባባላችሁ አልነው። «መምህር፣ ሽንት ቤት መሄድ እችላለሁ ወይ አለችኝ፤ ቶሎ ተመለሺ አልኋት» አለ። ያ ሁሉ ማሻ አላህ የወጣው ለሽንት ቤት ነው። ጀማል ለሰይድ አንድ ወር ሙሉ አልደወለለትም።

ከዚያ በሽታው መጣ። መጋዘኑ አልተዘጋም። ምግብ ማመላለሱ እንዲያውም ባሰበት። የተዘጋው ትምህርት ቤቱ ነው፤ ትምህርቱም ኮምፒውተር ላይ ሆነ። በሃያ ሃያ መከር ላይ እንግዲህ ሂክማና እኔ ጧት ሦስት ሰዓት የምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒውተር ፊት መደርደር ጀመርን። ፋጡማ ሥራዬን ወረቀት ላይ ጽፋ ማቀዝቀዣው ላይ ለጥፋልኛለች። የኢንተርኔቱ መብራት አረንጓዴ መሆኑን ማየት፤ ሂክማ ከወንበሯ እንዳትነሣ ማየት፤ ሳይጠሩኝ አለመናገር። ሦስተኛዋን አስምራባታለች። አባቷን ታውቀዋለች።

መምህሯን ልጆቹ «ላውሺ» ይሏታል። ስሟ መስሎኝ ሁለት ወር ሙሉ ጧት ጧት ለካሜራው ጎንበስ እያልሁ «ደህና አደሩ ወይዘሮ ላውሺ» ስል ኖርሁ። ላውሺ ማለት በቻይንኛ መምህር ማለት ነው ለካ። ወይዘሮ መምህር ስላት ከርሜያለሁ ማለት ነው። ግድ የለም፤ ማክበር በዛ እንጂ አልጎደለባትም።

ችግሩ የኔ ጆሮ ነው። ቻይንኛው ጆሮዬ ጋ ሲደርስ አማርኛ ለብሶ ይገባል። ላውሺ ቶሎ ቶሎ «ና» ትላለች። በእነሱ «ያ» ማለት ነው አሉ። እንግዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ «ና» ሲባል የሚገባው ወንድ እኔ ብቻ ነኝ። ሁለት ጊዜ ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ ካሜራው ድረስ ቀርቤላታለሁ። ልጆቹ በየሳጥናቸው ውስጥ ሆነው ሲስቁ አየሁ።

ከምሳ በኋላ የቤት ሥራ አለ። ወላጅ ይርዳ ይላል ወረቀቱ። በምን ልርዳ? ሂክማም ይህን በአንድ ሳምንት አወቀችብኝ። አወቀችና ሥራውን ገለበጠችው፤ እሷ መምህር፣ እኔ ተማሪ ሆንን። የልጅ ደብተር ተሰጠኝ። የምትለኝን በፊደላችን እጽፋለሁ፤ ሌላ የማውቀው መጻፊያ የለኝም። እንዳልረሳው ዜማው ሲወጣ ቀስት ወደ ላይ፣ ሲወርድ ቀስት ወደ ታች አደርግበታለሁ። ከሁሉ የከፋችብኝ «ማ» ናት። በአንድ ዜማ እናት ናት፣ በሌላ ዜማ ፈረስ፣ በሌላው ደግሞ መቆጣት። እናት ልል አፌን በከፈትሁ ቁጥር የሚወጣኝ ፈረስ ነው። ሂክማ ግንባሯን ትይዛለች። «ኖ፣ አባባ፣ ኖ። አጌይን» ትለኛለች። አሥር ጊዜ ፈረስ እላለሁ፤ አሥር ጊዜ እናት ትለኛለች። እኔን ስታርም እሷ ሳታስበው ታጠና ነበር። ይህ የገባኝ ግን ኋላ ነው።

አንድ ቀን ላውሺ ልታናግረኝ ፈለገች። ቀስ ባለ እንግሊዝኛ ስለ ሂክማ ትነግረኝ ጀመር። ግማሹ ይገባኛል፣ ግማሹን በፊቷ አነበዋለሁ። እንግዲህ እኛ ሰው ሲያወራን «አዎ» በአፍ አንልም። ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳብ እናደርጋለን፤ በቃ፣ ሰምቻለሁ፣ ልክ ነህ ማለት ነው። እናንተም አሁን ስታነቡ ሳታደርጉት አልቀራችሁም። ላውሺ ትናገራለች፣ እኔ ሳብ። ትጨምራለች፣ እኔ ሳብ። አራተኛው ላይ ፊቷ ተለወጠ። በዚያ ሰሞን ትንፋሽ ያጠረው ሽማግሌ ምን እንደሚባል ታውቃላችሁ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ የትምህርት ቤቱ ነርስ ለፋጡማ ኮል አደረገች። ፋጡማ ሥራዋን ጥላ መጣች። መኪና ውስጥ እንደተቀመጥሁ መመርመሪያውን እንጨት አፍንጫዬ ውስጥ እስከ ሐሳቤ ድረስ ከተቱት። ምንም አልተገኘብኝም። በሽታዬ እሺ ባይነት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እንደዚያ ብዬ አዎ እንዳልል ታገድሁ። የቀረችኝ «አይ» ብቻ ናት።

«አይ»ን ለእናንተ ማስረዳት አይጠበቅብኝም። በረዶ በመስኮት አይቼ፣ አይ። ማቀዝቀዣ ከፍቼ ያስቀመጥሁትን ሙዝ ሳጣ፣ አይ። ሂክማ ከዕድሜዋ በላይ ብልህ ነገር ስትናገር፣ አይ። ጀማል ስለ ቻይና ሲያስተምረኝ፣ በሆዴ፣ አይ። ቃል አይደለችም፤ ጉልበቴ ሲታጠፍ እንደሚሰማው ድምፅ ናት። ማን ይከለክላታል?

ክረምቱ አልፎ በረዶው ሲቀልጥ ደብዳቤ መጣ። ሁለተኛ ክፍል ያሉ ልጆች በቻይንኛ የቃል ፈተና ይፈተናሉ። ያለፈ በዚያው ይቀጥላል፤ የወደቀ በሚቀጥለው ዓመት እንግሊዝኛ ብቻ ወደሚያስተምር ትምህርት ቤት ይዛወራል። ጀማል ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አነበበው። አዲስ አበባ ሙሉ የሰማውን ነገር እንዴት አድርጎ ያስቀራል? «ጋሼ፣ አደራዎን። ከርስዎ ጋር ነው የምትውለው» አለኝ። ለአለቅነት የተመረጠላት ቻይና ገና ሳይወለድ ኃላፊነቱ እኔ ላይ ወደቀ።

ሂክማ ግን የጨነቃት ሌላ ነበር። ደብተሬን እያረመች ቆየችና በእንግሊዝኛ ጠየቀችኝ፤ የገባኝ ግን ልክ አማርኛ ሆኖ ነው።

«አባባ፣ እኔ ከወደቅሁ አንተን ማን ያስተምርሃል?»

ያን ሳምንት እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ቀንም አልበላሁም። ጭንቀቴ ጀማል ስለሚለው ቻይና አይደለም። ይቺ ልጅ በዚያ ቤት የሚሰማት ሰው ያገኘችው በዚያ ቋንቋ ስለሆነ ነው።

የፈተናው ቀን ደረሰ። ሕጉ ግልጽ ነው፤ አዋቂ ሰው ለኢንተርኔቱ ሲባል አጠገብ መቀመጥ ይችላል፣ መናገር ግን አይችልም። እኔም ከንፈሬን ነክሼ፣ ዓይኔን አረንጓዴዋ መብራት ላይ ተክዬ ተቀመጥሁ። ሂክማ ስለ ቤተሰቧ አምስት ነገር መናገር አለባት። አራቱን እንደ ውሃ አወረደችው። ላውሺ ፈገግ አለች። አምስተኛው ላይ ልጅቷ «ዎ» አለች። ዎ ማለት እኔ ማለት ነው፤ ይቺን እኔም አውቃታለሁ። «ዎ» አለች ደግማ። ቆመች። ዓይኗ ኮርኒሱ ላይ ወጣ። «ዎ» አለች ሦስተኛ። ዓመት ሙሉ የደከመችበት ነገር አንዲት ቃል ጠፍታ ሲፈስ እያየሁ እጄን ጉልበቴ ላይ ጣልሁና፣ አስቤም አይደለም፣ «አይ» አልሁ።

ሂክማ ፊቷ በራ። «ዎ አይ ማማ፣ ዎ አይ ባባ» ብላ ለቀቀችው። ከወንበሯ ተነሥታ ዘለለች። ደስ ስላለኝ እኔም ደገምሁ፤ «አይ፣ የኔ ልጅ» አልሁ።

ላውሺ ብዕሯን አስቀመጠች።

በቻይንኛ «አይ» ማለት መውደድ ነው። እናቴን እወዳለሁ፣ አባቴን እወዳለሁ፤ ልጅቷ የጠፋባት ቃል ያቺው ነበረች። ሂክማ ከዚያ በፊት አስተምራኝ ነበር ወይ ትሉኝ ይሆናል። አላስተማረችኝም እላለሁ። አስተምራኝ ከሆነም ረስቼዋለሁ፤ ደብተሬ ውስጥ ፈልጌ አላገኘሁትም።

በሦስተኛው ቀን ደብዳቤ መጣ። አዋቂ ሰው መልስ ስለነገራት ፈተናው አይቆጠርም፤ ወላጆችና ያ አዋቂ ሰው ለስብሰባ ይቅረቡ። ጀማል ደብዳቤውን አጥፎ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠው።

«ጋሼ» አለኝ፣ «ዓመት ሙሉ እናትና ፈረስ መለየት ያቃተዎት ሰው፣ የፈተናው ቀን ቻይንኛው ከየት መጣልዎት?»

ፋጡማ «ተወው፣ አባቴን» አለችው። በአማርኛ ነው ያለችው፣ ልጅ ፊት። የነገሩን ክብደት ከዚያ አወቅሁ።

ስብሰባውም ኮምፒውተር ላይ ነው። በአንዱ ሳጥን ዳይሬክተሯ፣ በአንዱ ላውሺ፣ በአንዱ ፊቱ የማይታይ አስተርጓሚ። ድምፁ የወጣት ነው፤ አማርኛው እንደ አዲስ ጫማ ይይዘዋል። ዳይሬክተሯ ምን እንዳልሁ እንድናገር ጠየቀችኝ። እውነቱን ነገርሁ፤ «አይ» ነው ያልሁት። አስተርጓሚው እንደወረደ «አይ» ብሏል ብሎ አቀበላት። «አይ» ደግሞ በእንግሊዝኛ እኔ ማለት ነው። ዳይሬክተሯ ወረቀቷን አየች። ልጅቷ የጀመረችው ቃልም እኔ ማለት ነው፤ እንግዲያው አያቷ ቃሉን በእንግሊዝኛ እየተረጎመላት ነበር ማለት ነው። አስተርጓሚው ደነገጠና ላርም አለ። በአማርኛ «አይ» ማለት አይሆንም ማለት ነው አላት። ዳይሬክተሯ ቀና አለች። ታዲያ ተሳስተሻል እያላት ነበራ? ላውሺ በበኩሏ በቻይንኛ ምን ማለት እንደሆነ በትሕትና አስረዳች።

አንዲት ቃል በሦስት ቋንቋ ሦስት ጥፋት ሆነችብኝ። በእንግሊዝኛ ተረጎምሁ፣ በአማርኛ አረምሁ፣ በቻይንኛ ሹክ አልሁ።

እኔም መካድ ጀመርሁ። «አይደለም» አልሁ። ላውሺ ቀና አለች። «እንዲህ አይደረግም» አልሁ። ጻፈች። «በዚህ ዕድሜዬ አይሆንልኝም፣ አይመቸኝም፣ አይገባኝም» አልሁ። በያንዳንዱ ላይ ጆሮዋ ቆመ። ያን ጊዜ ነው አንድ ነገር የገባኝ። አማርኛ ለካ ሳይወዱ መካድ አይቻልበትም። ንጹሕ ነኝ ባልሁ ቁጥር በላውሺ ጆሮ እወዳለሁ፣ እወዳለሁ፣ እወዳለሁ እያልሁ ነው። አፌን ዘጋሁ።

ጀማል በላብ ተጠምቋል። ፋጡማ እንግሊዝኛ ጀምራ ተወችው። ሂክማ ግን ከወንበሯ ወርዳ ሄደች። ስትመለስ ደብተሬን ይዛለች። ካሜራው ላይ ለጠፈችው።

«አባባ ቻይንኛ አያውቅም» አለች በእንግሊዝኛ። «እኔ ነኝ የማስተምረው። ከክፍሌ ልጆች ሁሉ ደካማ እሱ ነው። ከፈለጋችሁ ጠይቁት።»

ላውሺ ወደ ካሜራው ተጠጋች። የኔን ፊደልና የኔን ቀስቶች አየች። ይህ ምንድን ነው አለች። ሂክማ አስረዳቻት። ከዚያ ላውሺ በስሜ ጠርታኝ፣ በዝግታ፣ በቻይንኛ እናት በሉ አለችኝ። ትንፋሼን ሰብስቤ፣ የፋብሪካ ዘመኔን ጥንቃቄ ሁሉ ይዤ፣ «ማ» አልሁ።

ፈረስ ወጣ።

ላውሺ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። ትከሻዋ ሲንቀጠቀጥ አየሁት። እንደገና ልሞክር አልሁ፤ ዳይሬክተሯ በቃ አለች። በሕይወቴ የጨርቅ ጉድለት ሳወጣ ኖሬ በራሴ ጉድለት ነጻ ወጣሁ።

ተወሰነ። ሂክማ በሚቀጥለው ሳምንት እንደገና ትፈተን፤ አያቷ ግን ከቤት ይውጣ። ከክፍሉ አላሉም፤ ከቤት። ኢንተርኔቱን የሚያይ ሌላ ሰው ይፈለግ ተባለ፤ ከታች ቤት የሚኖሩት እትዬ ዘነበች ተጠሩ። እትዬ ዘነበች ቻይንኛ ቀርቶ እንግሊዝኛም አይሰሙ። ፋጡማ አስቀድማ ጠየቀቻቸው፤ ሲጨነቁ «አይ» ይላሉ ወይ? «ኧረ እኔ ወይኔ ነው የምል» አሉ። አለፉ።

እኔ መኪና ማቆሚያው ላይ ቆምሁ። ጭንብሌን አድርጌ፣ ኮቴን ለብሼ፣ አርባ ደቂቃ። ጎረቤቶቹ ፈረንጆች በመስኮት ያዩኛል። እዚያ ሆኜ አይ ማለት እንኳ ፈራሁ፤ ድምፁ በመስኮት ገብቶ ቢይዛትስ? ኋላ እትዬ ዘነበች መስኮቱን ከፍተው እጃቸውን አወናጨፉ። ልጅቷ አልፋለች። አምስቱንም አለችው። ያቺኛዋን ቃል ደግሞ ሳትቆም ነው ያለቻት አሉኝ።

ጀማል ለሰይድ እንኳ ደወለ።

እዚህ ላይ ቢያልቅ ጥሩ ወሬ ነበር። እኔ ግን ዝም ማለት አልችል።

በመከር ትምህርት ቤቱ ተከፈተ፤ ሂክማን እያደረስሁ መመለስ ያዝሁ። አንድ ቀን ላውሺ በሩ ላይ ጠብቃኝ ኖሯል። ሂክማ በለመድሁት ቀላል እንግሊዝኛዋ እያስረዳችኝ አማከረችኝ። ስድስት ዓመት የሆናት ልጅ አለቻት፤ ስሟ ሜይ ነው። እዚሁ የተወለደች። እናቷ በቻይንኛ ስታናግራት በእንግሊዝኛ ትመልሳለች። መጽሐፍ ስትከፍትላት ትዘጋዋለች። «የሰው ልጅ አስተምራለሁ፣ የራሴ አልማርም አለችኝ። ሂክማን ምን አድርጋችኋት ነው?» አለችኝ።

መምህር ቆማ እኔን ምክር ስትጠይቀኝ! ሆዴ ተነፋ። ጢሜን ዳበስ ዳበስ አደረግሁና የዓመቱን ትምህርቴን ነገርኋት። አላዋቂ ሰው አጠገቧ አስቀምጪ አልኋት። ልጅ የሚያውቅ ሰው ፊት አፉን ይይዛል፤ የማያውቅ ሲያገኝ ነው መምህር የሚሆን። አንቺ በጣም ታውቂያለሽ፤ ጥፋቱ እሱ ነው። ላውሺ አሰበችበት። አላዋቂ ከየት አገኛለሁ አለች። እኔም ወዲያው እትዬ ዘነበችን አልኋት።

እንዲህ ሆኖ እትዬ ዘነበች ከትምህርት ቤት በኋላ ላውሺ ቤት እየሄዱ ሜይን መጠበቅ ጀመሩ። ሜይ ታስተምራለች፣ እሳቸው ይማራሉ። ዕቅዱ የኔ ነው። ለሰው ሁሉ አወራሁ። ጀማል እንኳ «ጋሼ ዘዴ አላቸው» ሲል ሰምቻለሁ።

የዘነጋሁት አንድ ነገር ነው። እኔ ለመማር የምመች ሰው ነኝ፤ ፈሪ ነኛ። እትዬ ዘነበች ግን በሕይወታቸው ከማንም ተምረው አያውቁም። ያስተምራሉ። አውቶቡስ ሹፌር መንዳት ያስተምራሉ። ከገና በኋላ ሜይን መንገድ ላይ አገኘኋት፤ ጎንበስ ብላ «ደህና ዋሉ ጋሼ ይማም» አለችኝ። በጠራ አማርኛ። የኔ የልጅ ልጅ እንዲህ ብላኝ አታውቅም።

አሁን ሂክማ ከላውሺ ጋር በቻይንኛ ታወራለች። የላውሺ ልጅ ከኔ ጋር በአማርኛ ታወራለች። ሁለቱ ልጆች ሲገናኙ በእንግሊዝኛ ይጫወታሉ። እናቶቻቸው ዳር ቆመው ያያሉ።

የመጨረሻውን ወሬ የሰማሁት በሃያ ሃያ ሁለት፣ ትምህርት ሊዘጋ ሲል፣ አንድ ረቡዕ ቀን ነው። ረቡዕ ይመስለኛል። እትዬ ዘነበች ልጃቸውን ሊጠይቁ ዳላስ ስለሄዱ ላውሺ የምትጠይቀው ሰው እኔ ብቻ ነበርሁ። ስልኬ ላይ መልእክት ላከች፤ ፋጡማ አነበበችልኝ። ሜይ አንድ አዲስ የአማርኛ ቃል አምጥታለች። «የቻይንኛ መጽሐፉን ስከፍትላት እግሯን መሬት ላይ መታ አድርጋ፣ ዓይኔን እያየች፣ ደጋግማ ትለኛለች፤ ምን ማለት ነው?» ትላለች ላውሺ። ቃሉን በላቲን ፊደል ጽፋዋለች። እኔ ራሴ አንድ በአንድ ለቅሜ አነበብሁት።

«እምቢ» ይላል።

ብዙ አሰብሁ። እውነቱን ብነግራት እትዬ ዘነበች ሥራቸውን ያጣሉ፤ የኔም ምክር ከነስሟ ትቀራለች። ውሸት ደግሞ አይሆንልኝም። ፋጡማ ስልኩን ይዛ ትጠብቀኛለች። በመጨረሻ እንዲህ ብለሽ ጻፊላት አልኋት።

«እወድሻለሁ ማለት ነው።»

ፋጡማ ሁለት ጊዜ አየችኝና ጻፈችው። ላውሺ ወዲያው ቀይ ልብ ላከች። ከልቡ ሥር ደግሞ፣ «እንግዲያው እኔም ከዛሬ ጀምሮ ጧት ጧት እላታለሁ» የሚል ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ የሰማሁት የለም።